ሽቅብ የሚያድር መኪና

አጥናፉ ቁልፉን ደግሞ አዞረ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ አንዴ ሁለቴ ሳለ፣ ከጭስ ማውጫው ቀጠን ያለ ነጭ ጭስ ተፋና ዝም አለ። ባትሪውን እንዳይጨርሰው ፈርቶ እጁን ከቁልፉ ላይ አነሣ።

"አሁንስ?" አሉ እትዬ ይመኙሻል ከጋቢናው በር ሥር ቆመው።

"ትንሽ ይረፍ፣ እትዬ።"

"ሌሊቱን ሙሉ ሲያርፍ አይደል እንዴ ያደረው?"

እውነታቸውን ነው። መኪናው የእሳቸው ነው፤ የተጫነውም ገብስ የእሳቸው ነው። በገብሱ ማዳበሪያ ላይ ደግሞ ወደ መሐል ሜዳ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች በጎቻቸውን እንደያዙ ተቀምጠዋል። አመዳዩ ገና ከሣሩ ላይ አልረገፈም። ሴቶቹ የሱፍ ባናቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው መጀመሪያ ተሳሳቁ፣ ቀጥለው ዝም አሉ፣ በመጨረሻ አንዷ "በእግራችንም ብንሄድ እንቀድመዋለን" ብላ ወረደች። የቀሩትም በጎቻቸውን እየጎተቱ ተከተሏት። አጥናፉ በመስታወቱ ሲያያቸው ፊቱ በኀፍረት ጋለ።

ሴቶቹ ከመንገዱ እጥፋት ሳይሰወሩ ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ መጡ። ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ የእትዬ ይመኙሻል ዋርሳ፣ የሟቹ ባላቸው የታዲዮስ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጋቢያቸው እንደ ወትሮው ጉድፍ የሌለበት ነው፤ በእጃቸው ግን ከሰሞኑ የማይለያቸውን ሽመል ይዘዋል። የናፍጣ ጋኑን ክዳን ራሳቸው ከፈቱና ሽመሉን ሰድደው አወጡት። በቢላዋ የተፈቀፈቀውን ምልክትና የረጠበውን ቦታ አስተያዩ።

"ደብረ ብርሃን ደርሶ ሲመለስ የሚጠጣውን አውቃለሁ" አሉ፣ ወደ አጥናፉ ሳያዩ። "ወንድሜ ሲነዳው ጎኑ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። የጎደለው የት ገባ?"

"ያፈሳል ብዬዎታለሁኮ፣ ጋሼ። ከተማ ሳቆመው ከሥሩ ያንጠባጥባል።"

"እዚህስ?" ሽመሉን ወደ መኪናው ሥር ቀሰሩት። "ጎንበስ በልና አንድ ጠብታ አሳየኝ።"

አጥናፉ ጎንበስ ማለት አላስፈለገውም። ትናንት ማታ እትዬ ይመኙሻል ነገሩን ለመለየት ሲሉ ከመኪናው ሥር አመድ ነስንሰው ነበር። አመዱ ከዳር እስከ ዳር እንደተነሰነሰ ደርቆ አድሯል። አንዲት ድመት ብቻ ተረማምዳበታለች።

"ከተማ የሚያፈስ፣ ቤቱ ሲገባ የሚጨምት መኪና ካንተ ሰማሁ" አሉ ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ። "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ዛሬ ናፍጣ በጄሪካን እንዴት እንደሚሸጥ እኔም አገሩም እናውቃለን። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላሙ ላይ ይጠብቁሃል። ማልክ እንደሆን ነፃ ነህ፤ ማንም ቀና ብሎ አያይህም።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ናፍጣ ይሸጣል መባሉን አገሩ ሁሉ ሲያወራው ከርሞ አጥናፉ ራሱ የሰማው ባለፈው ሳምንት ነው። መሐላው መቆረጡንም የነገረችው ሚስቱ ጌታነሽ ናት፤ እሷም ከወንዝ ሰምታ። "አትማል" ብላ ነው የነገረችው። "አልሰረቅህም፣ አውቃለሁ። ግን አትማል።"

ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን ላይረዳው ይችላል። ንጹሕ የሆነ ሰው ምሎ ቢገላገል ምን ይጎዳዋል? አጥናፉ ግን አባቱን አይቷል። አባቱ በአንድ የወሰን ጠብ ምክንያት ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ፣ "ዋሽቼ ከሆነ እንደ ሰም ያቅልጠኝ፣ እንደ ገል ይቀጥቅጠኝ" ብሎ እውነቱን ማለ። በዚያው ክረምት በረዶ ገብሱን አጋደመበት። በረዶው የጎረቤቱንም ገብስ አልማረም፤ ስለ ጎረቤቱ ግን ማንም ምንም አላለም። በማግስቱ ዓመት በሬው ከገደል ሲገባ "ምሎ ነው" ተባለ። ሲያስል "ምሎ ነው"፣ ሲሞትም "ምሎ ነው" ተባለ። የማለ ሰው ከዚያ በኋላ እንደ ማንም ሰው ክፉ ቀን አይፈቀድለትም። ልጆቹ ቢታመሙ እንኳ አገሩ የሚቆጥረው የአባትን ኃጢአት ነው። እንቢ አልምልም ያለ ደግሞ ያው ሌባ ነው፤ ከራቤል እስከ ዓለም ከተማ መሪ የሚያስጨብጠው ሰው አያገኝም።

ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ ሽመላቸውን በሣር ጠርገው ወደ ቤት ገቡ። እትዬ ይመኙሻል ግን እዚያው ቆመው ነበር። የመኪናውን ጉንጭ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉ።

"ምን ላርግህ፣ ልጄ" አሉ፤ ለአጥናፉ ይሁን ለመኪናው አልለየም።

እሳቸው የመኪናውን የጠዋት እንቢታ በሌላ መንገድ ነው የሚፈቱት። የመንዝ ሾፌር መኪናውን አፍንጫውን ቁልቁል አድርጎ ካላቆመ እንቅልፍ አይወስደውም። ሌሊት ቁሩ ሞተሩን ቢያደነዝዘው እንኳ ጠዋት ከጎማው ሥር ታኮውን አንሥቶ፣ በቁልቁለቱ ለቅቆ፣ በማርሽ ያስነሣዋል። ታዲዮስም ዕድሜውን ሙሉ እንዲያ ነበር የሚያቆመው። እሱ ሞቶ ኪዳነ ምሕረት ግቢ ሲቀበር ግን እትዬ ይመኙሻል አንድ ነገር አዘዙ። ደብሩ ከቤታቸው በላይ፣ ጉብታው ላይ፣ በጽድ ተከቦ ይታያል። "መኪናው ፊቱን ወደ ደብሩ አድርጎ ይደር" አሉ። "ባለቤቱን እያየ ይደር።" ባሏ የሞተባትን ሴት በዚህ ማን ይከራከራታል? ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው ሽቅብ እያየ ያድራል።

በዚያው ሰሞን ነው መኪናው ጠዋት ጠዋት አልነሣም ማለት የጀመረው። "ሐዘን ገባው" አለ የሰፈሩ ሰው። ጌታዋ ሲሞት ገፈራ መብላት የተወች በቅሎ እንደነበረች የሚያስታውሱ አሉ፤ ብረት ግን እንዲህ ሲሆን ሰምተን አናውቅም እያሉ ተደነቁ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አሮጊቶች ጭቃ መከላከያውን ነካ እያደረጉ፣ እጃቸውን እየሳሙ ያልፉ ጀመር። መሐል ሜዳ ያሉ መካኒኮች ባትሪ አስለወጡ፣ ማጣሪያ አስለወጡ፣ ያልፈቱት ነገር የለም፤ ሞተሩን አስነሥተው ከሥሩ ተኝተው ሲያዩት አንድም የሚያፈስ ነገር አጡ። ያ ሁሉ ሰው መድኃኒት ማጣቱ ለእትዬ ይመኙሻል መጽናኛ ሆናቸው። ቤቱ ውስጥ ታዲዮስን የሚያስታውስ ሌላም ፍጡር አለ ማለት ነው።

አጥናፉ ራሱም በልቡ ግማሽ ያምን ነበር። አንዳንድ ጠዋት ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሜዳውን ሲሸፍነው፣ ደብሩ ብቻ ከላይ ተንሳፍፎ ሲቀር፣ መኪናው ወደዚያ አንጋጥጦ እንደቆመ ሲያይ ቆቡን ማውለቅ ያምረው ነበር።

አሁን ግን ሐዘንም ሆነ ተአምር ከነገው መሐላ አያድነውም። ጋቢናውን ዘግቶ ወደ ታች ወረደ፤ የት እንደሚሄድ አላወቀም።

ከእትዬ ይመኙሻል ግቢ ዝቅ ብሎ ምንይሉ የሚባል ግንበኛ የአንድ ጎረቤት ቤት መሠረት እያወጣ ነው። ከአጥናፉ ጋር አብረው ነው ያደጉት። መሠረቱ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ልኩን የሚይዘው እንደ ግንበኞች ሁሉ ውሃ በሞላ ረጅም ነጭ ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ውስጡን ያሳያል፤ ሁለቱን ጫፎች ሁለት ሰው ይዞ የውሃውን ደረጃ ድንጋዩ ላይ ያመለክታል።

"መጣህልኝ" አለ ምንይሉ። "ና ጫፉን ያዝልኝ፤ ረዳቴ ገበያ ሄዶብኛል።"

አጥናፉ ጫፉን ይዞ ወደ ላይኛው ማዕዘን ሄደ። ሐሳቡ ግን ደጀ ሰላሙ ላይ ነበር፤ እጁ ሳያውቀው ከፍ ከፍ አለ። ውሃው ከእሱ በኩል ሸሽቶ ወደ ታች ወረደና በምንይሉ በኩል ገንፍሎ እግሩ ላይ ፈሰሰ።

"ኧረ ዝቅ አድርገው ሰውዬ። ውሃዬን ሁሉ እኔ ላይ ደፋኸው።"

አጥናፉ አልሰማውም። የያዘውን ጫፍ ነበር የሚያየው። ቅድም ውሃ በነበረበት አሁን ውሃ የለም፤ አየር ገብቶበታል። ማንም አላስገባውም። ጫፉ ከፍ ስላለ ውሃው ወደ ዝቅታው ሄደ፣ አየሩም ተከትሎ ገባ። እጁን ቀስ አድርጎ አወረደው። ውሃው ተመልሶ መጣ። ይበልጥ ሲያወርደው ያው አየር በገባበት አፍ ውሃው ሞልቶ ወጣና ጣቶቹን አራሰው። ደግሞ ከፍ አደረገው፣ ደግሞ ዝቅ አደረገው። ፀጉሩ ሥር ውርር አለበት።

"ምን ሆነሃል?" አለ ምንይሉ።

"አንድ ቀዳዳ ነው።"

"የቱ?"

"ሽቅብ ሲሆን ያስገባል። ቁልቁል ሲሆን ያስወጣል። ሁለት በሽታ አይደለም፤ አንድ ቀዳዳ ነው።"

"ሾፌር ሲያብድ እንዲህ ነው የሚጀምረው?"

"ከዚህ ላስቲክ አንድ ክንድ ቁረጥልኝ።"

ምንይሉ ላስቲኩን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። "ልኬን? ቤቱ ቢንጋደድ አንተ ልትደግፈው ነው?" አለና የአጥናፉን ፊት አየ። የነገውን ነገር እሱም ሰምቷል። ከዚያ በላይ አልጠየቀም፤ ቢላዋውን ከኪሱ አውጥቶ ከጫፉ ቆረጠለት።

አጥናፉ እየሮጠ ነው የተመለሰው። ጋቢናውን ወደ ፊት ደፍቶ ሞተሩን ገለጠ፤ ናፍጣ ከጋኑ ወደ ፖምፓው የሚያመጣውን ጥቁር ቱቦ ከፖምፓው በኩል ፈታና በመካከሉ የምንይሉን ላስቲክ አስገብቶ በሽቦ ጠበቅ አድርጎ አሠረው። የእጅ ፖምፓውን ደጋግሞ ሲጫን ናፍጣው እንደ ቀጭን ማር እየወረዛ መጥቶ ላስቲኩን ሞላው። ከዚያ መሬት ላይ ተዘርግቶ ጠበቀ።

መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ከወደ ታች፣ ከጋኑ በኩል፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል አረፋ መጣች። በናፍጣው ውስጥ ቀስ ብላ ሽቅብ አለፈች። ሌላ ተከተለቻት። ማንም ሳይነካው፣ ሞተሩ ሳይዞር፣ በዚያ ፀጥታ ውስጥ አረፋ በአረፋ ላይ እየመጣ፣ ከላይ ባዶው እየሰፋ፣ ናፍጣው ወደ ጋኑ ይንሸራተት ጀመር። አጥናፉ ትንፋሹን ይዞ ተመለከተ። ይህ ነገር በየሌሊቱ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ እዚህ ሲሆን መክረሙ ገረመው።

"እትዬ" ብሎ ተጣራ። "እትዬ፣ ይምጡ ይዩ።"

እትዬ ይመኙሻል መጡ፤ ጋሽ ኃይለ ኢየሱስም ከኋላቸው ብቅ አሉ። አጥናፉ ባዶ ማዳበሪያ አነጠፈላቸው። እትዬ ይመኙሻል ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው አንገታቸውን ከሞተሩ ሥር አስገቡ።

"ምኑን ልይ?"

"ነጩን ላስቲክ። ዝም ብለው ይጠብቁ።"

ድምፃቸው ሲመለስ መቅደስ አጠገብ እንደሚናገር ሰው ዝቅ ብሎ ነበር።

"ነጥብ የምታክል ነገር ሽቅብ ሄደች። ይኸው ሌላ። ይኸው ደግሞ። ምንድን ናት?"

"አየር ናት፣ እትዬ። ከኋላ አንድ ቦታ ቱቦው ተሰንጥቋል። መኪናው ሽቅብ ሲያድር ናፍጣው ወደ ጋኑ ይመለሳል፤ በስንጥቁ ደግሞ አየር ይገባል። ጠዋት ፖምፓው ናፍጣ ብሎ የሚስበው አየሩን ነው። አየር ቢጨመቅ እንጂ እንደ ናፍጣ አይገፋም። ስለዚህ አይነሣም።"

እትዬ ይመኙሻል አንገታቸውን አላወጡም። አረፋዎቹን እየተከተሉ ነበር።

"ሽቅብ ስለሚያድር ነው?"

"አዎ።"

"ወደ እሱ ስለሚያይ።"

አጥናፉ የራሱን ስም ለማዳን እየሮጠ ሲመጣ የእሳቸውን መጽናኛ ይዞ እንደሚሄድ አላሰበውም ነበር።

"ታዲያ ሐዘን አይደለም" አሉ እትዬ ይመኙሻል።

"እንጃ፣ እትዬ። እኔ የማውቀው አየር መሆኑን ነው።"

ቀስ ብለው ወጡ፣ ማዳበሪያው ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ ቆመው ሲጠብቁ ነበርና "ይህ ላለመነሣቱ ነው" አሉ። "ናፍጣው የት እንደገባ ግን አልነገረንም።"

"እሱንም ይነግረናል" አለ አጥናፉ። ወደ ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ ሳይሆን ወደ እትዬ ይመኙሻል ዞረ። "ግን መኪናው መዞር አለበት። አፍንጫው ቁልቁል መሆን አለበት።"

"የወንድሜ ሙት ዓመት ሳይወጣ ጀርባ ሊሰጠው?" አሉ ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ።

እትዬ ይመኙሻል ቀና ብለው ወደ ደብሩ አዩ። ፀሐይ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ነክታዋለች።

"ካላዞርከውስ?" አሉ።

"ነገ ወይ እምላለሁ፣ ወይ ሌባ ሆኜ አገር እለቃለሁ።"

ከዚያ እትዬ ይመኙሻል ተነሡ፤ ከኋላ ጎማው ሥር የተወተፈውን ታኮ በሁለት እጃቸው እየታገሉ ራሳቸው ነቀሉት።

አጥናፉ ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር በእጅ ፖምፓው አስወጥቶ፣ ጋቢናውን መልሶ፣ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ። በአጥሩ በኩል የቆሙ ጎረቤቶች "ኧረ በስመ ሥላሴ" ተባባሉ። መኪናው ወደ ኋላ ተንቀሳቀሰ፣ ሜዳው ላይ ተጠማዘዘ፣ አፍንጫውን ወደ መንገዱ፣ ጀርባውን ወደ ኪዳነ ምሕረት አድርጎ ቆመ። አጥናፉ ሞተሩን አጠፋና ዝምታው ሲመለስ ከጎን በኩል ከሥሩ ገባ። ከጋኑ እስከ ሞተሩ ያለውን ቱቦ በደረቅ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ወለወለው። ከተማ ሲያፈስበት ሲያሳስተው የኖረው ይኸው ነው፤ ናፍጣው በብረቱ ላይ እየተንሸራተተ ሌላ ቦታ ስለሚወርድ፣ የረጠበውን ማሠሪያ ሁሉ ሲያጠብቅ ከርሟል።

"ገቡ፣ እትዬ?"

"እዚህ ነኝ።"

ጎን ለጎን በጀርባቸው ተጋድመው ወደ ላይ አዩ። ቱቦው የመኪናውን አጥንት አቋርጦ በሚያልፍበት፣ የብረት ማሰሪያው በነከሰው ቦታ፣ ፀጉር የመሰለ መስመር ነበረ። መስመሩ ላይ መጀመሪያ ላብ የመሰለ ነገር ወጣ። ላቡ ተሰበሰበ፣ ከበደ፣ ተንጠለጠለ። ወረደ። ሌላው ወዲያው ይጠራቀም ጀመር።

እትዬ ይመኙሻል ሁለተኛውን በጣታቸው ተቀበሉትና አሸተቱት።

"ናፍጣ ነው" አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ "አየሩ የገባው በዚሁ ነው?"

"በዚሁ ነው።"

"ወደዚያ ዞሮ ሲያስገባ ያደረው፣ ወደዚህ ሲዞር ያወጣል።"

"ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ፖምፓው ስለሚስብ ጠብታ አይወጣም። መካኒኮቹ ሞተሩን አስነሥተው ነበር የሚያዩት። እኛ ቤት ሽቅብ ስለሚያድር አመዱ ደረቅ ነው። ከተማ ግን እንደ ሌላው ሾፌር ሁሉ ቁልቁል አቆመዋለሁ።"

"እግዚኦ" አሉ እትዬ ይመኙሻል በቀስታ። "ደጄ ላይ ቆሞ ይኼን ሁሉ ጊዜ። በዓይናችን ፊት።" ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ አጥናፉ ግን ሐዘን ብቻ እንዳልሆነ አወቀ። እሱም ራሱ የሰው ጣት በማይገባበት ስንጥቅ ፊት ተጋድሞ ልቡ ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል። ለሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ነገር ሲናገር የኖረ፣ ለሁለቱም ያልዋሸ ስንጥቅ ነው።

ከወደ እግራቸው በኩል ኮሽታ ተሰማ። ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ ጋቢያቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቅለዋል። በክርናቸው እየዳሁ ገቡ። አጥናፉ ቦታውን ለቀቀላቸው። ሽማግሌው በጀርባቸው ተኝተው ለረጅም ጊዜ አዩ፤ አንድ ጠብታ ጢማቸው ላይ ሲወርድባቸውም አልጠረጉትም። ሲወጡ ጉልበታቸውን አላራገፉም።

"አፍሷል" አሉ። "ይህን አልክድም። ዓይኔ አይቷል።" ሽመላቸውን ፈለጉና ተደገፉት። "ግን ይመኙሻል፣ ማፍሰሱ አለመስረቁን አያሳይም። የሚያፈስ መኪና የሚነዳ ሰውም ሊሰርቅ ይችላል። ሽማግሌዎቹን ጠርቻለሁ፣ ነገሩ ተቆርጧል። ንጹሕ ከሆነ ምሎ ይገላገል።"

ለአጥናፉ የከፋው ሰውዬው የተናገሩት ነገር ስሕተት የሌለበት መሆኑ ነው። ስንጥቁን ማሳየት ይችላል፤ ያልሠራውን አለመሥራቱን ግን በምን ያሳያል?

እትዬ ይመኙሻል እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር።

"ስማኝ፣ ኃይለ ኢየሱስ" አሉ። "ይህ መኪና ለባሌ አዘነ ሲሉኝ አመንኩ። አንተም ስታምን አይቼሃለሁ። ማል አላልነውም። ብረቱን ሳላስምል ካመንኩ፣ ልጁን ላስምል?"

"እሱ ሌላ፣ ይህ ሌላ።"

"ሌላ አይደለም።"

በዚህ መካከል አጥናፉ መፍቻውንና ቢላዋውን አንሥቶ ነበር። የተሰነጠቀውን ቦታ ቆርጦ ቱቦውን መልሶ ማሠር ብዙ ጊዜ አይፈጅም። አሁን ቢነሡ ገበያው ሳይፈታ መሐል ሜዳ ይደርሳሉ፤ መንገድ ላይም ሴቶቹን ከነበጎቻቸው ያነሣቸዋል።

"ተው" አሉ እትዬ ይመኙሻል። "እንዳትነካው።"

"ይፈሳል እኮ፣ እትዬ። ናፍጣ እንደሆነ በሰልፍም አይገኝ።"

"ይፍሰስ። እንዲህ እንዳለ ይደር። ነገ አንተ ወደ ደጀ ሰላም አትወጣም፤ ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ ሲወጡ እዚህ ይወርዳሉ። አንድ በአንድ ከሥሩ ገብተው ያያሉ። መማል ካስፈለገ ያየሁት እኔ ነኝ፣ እኔ እምላለሁ።"

"እንዲህ ጀርባውን ሰጥቶ ሊያድር ነው?" አሉ ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ። አሁን ድምፃቸው የክርክር አልነበረም።

እትዬ ይመኙሻል ወደ ደብሩ አላዩም። "ታዲዮስ ሰው ያለ ጥፋቱ ከሚፈረድበት ጀርባ ቢሰጡት ይሻለዋል" አሉ።

ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ ጥቂት ቆመው ወደ ቤት ሄዱ። ሲመለሱ ባዶ የዘይት ጣሳ ይዘዋል። እንደገና ከሥሩ ገብተው፣ ጣሳውን ወዲህና ወዲያ እያደረጉ ጠብታው የሚወርድበትን ቦታ ለኩና አኖሩት። የመጀመሪያዋ ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ስታርፍ ሦስቱም ሰሟት።

"በሉ ገብሱን አውርዱት" አሉ እትዬ ይመኙሻል። "ጤዛ እንዳይመታው።"

አጥናፉ መፍቻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ መለሰና የመኪናውን የኋላ በር ለመክፈት ሄደ።